ካርቶን የሌለው ሳምሰንግ ልገዛ ነው፣ የተሰረቀ አለመሆኑን በምን ልወቅ? (ጅማ)

የቆጪው_ልጅ፦

ሰላም ጅማዎች ሰላም ሌሎቻችሁም። ያገለገለ ሳምሰንግ ኤ54 ልገዛ ነው። ሻጩን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው ያገኘሁት፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ ነኝ ብሎኝ ትናንት ተገናኝተን አየሁት። ስልኩ በጣም ንፁህ ነው ጭረት እንኳን የለውም ግን ካርቶን የለም ደረሰኝ የለም ቻርጀሩም የሌላ ነው። 18 ሺ አለኝ። እኔ ደግሞ ፈረንጅ አራዳ ሱቆቹን በሙሉ ዞሬ ይሄንኑ ዩዝዱን ከ30 በታች የሚሰጠኝ አጥቻለሁ። ለምን ረከሰ ስለው ብር አስቸኩሎኝ ነው አለኝ፣ ካርቶኑስ ስለው አዲስ አበባ እህቴ ጋ ነው ያለው አለ።

*#06# ደውዬ ሁለት ቁጥር ወጣ (ሁለት መሆኑ ራሱ ችግር ነው እንዴ?) ፎቶ አንስቼ አንድ የውጭ ሳይት ላይ ሳስገባው ክሊን ይላል። ይሄ በቂ ነው ወይስ ሌላ ማያ መንገድ አለ? ያለኝ ብር ይቺው ናት፣ ከወር በኋላ ፖሊስ ደውሎ "ስልኩን ይዘህ ና" እንዳይለኝ ነው የፈራሁት። የምታውቁ በናታችሁ

አቦል_በረካ፦

ግማሽ ሊሆን የቀረበ ዋጋ፣ ካርቶን የለም፣ ቸኩያለሁ። ሶስቱ አንድ ላይ ከመጡ ሌላ ምን ትጠይቃለህ ወንድሜ ተወው። ደግሞ እህቱ አዲስ አበባ ካለች ማታ ለአውቶብስ ረዳት ብትሰጠው በማግስቱ ጅማ ይገባል፣ ለ12 ሺ ብር ልዩነት አንድ ካርቶን ማስላክ ያቃተው ሰው ምን አይነት ሰው ነው

የአጂፕ_ጠጋኝ፦

ስራዬ ስልክ ጥገና ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልፃፍልህ።

መጀመሪያ ሁለት ቁጥር መውጣቱ ችግር የለውም ደብል ሲም ስለሆነ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሲም አንድ አንድ አይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ ቁጥር) አለው። ቁጥሩ 15 ዲጂት ነው፣ የመጀመሪያዎቹ 8 ሞዴሉን ነው የሚናገሩት የመጨረሻዋ አንዷ ደግሞ ሌሎቹ በትክክል መፃፋቸውን ማጣሪያ ናት። ስለዚህ ሳይቱ ላይ ስታስገባው ክሊን የሚለውን ተወውና ሞዴሉን እይ። በእጅህ የያዝከው ኤ54 ሆኖ ሳይቱ ሌላ ሞዴል ካለህ ወይ ቁጥሩ ዜሮ በዜሮ ከሆነ ተቀይሯል ማለት ነው፣ የመኪና ሻንሲ ቁጥር ፍቆ ሌላ እንደመምታት ነው እና ጤነኛ ባለቤት ይሄን የሚያደርግበት ምክንያት የለውም። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ አባውት ፎን ላይ ያለውም ደውለህ ካገኘኸው ጋር አንድ መሆን አለበት። አንዳንዱ ሳምሰንግ ደግሞ ጀርባው ታች ላይ በደቃቅ ተፅፏል፣ ከቨሩን አውልቀህ በመብራት እየው።

አሁን ክሊን ወደሚለው ልምጣ፣ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። እነዚህ ሳይቶች የሚያሳዩት የውጭ ኦፕሬተሮች ጠፍቷል ተሰርቋል ብለው ያስመዘገቡትን ነው። ሐሙስ ገበያ ሄርማታ ላይ ኪሷ የተበረበረ እናት የስልኳን ቁጥር አሜሪካ ወስዳ አታስመዘግብም። ስለዚህ እዚህ አገር የተሰረቀ ስልክ እዛ ላይ ክሊን ቢል ምንም አይገርምም። በተቃራኒው ደግሞ እዛ ብላክሊስት የሆነ (ኦፕሬተሮች ያገዱት) ስልክ እዚህ ሲም አስገብተህበት ጭጭ ብሎ ሊሰራ ይችላል፣ ምክንያቱም የሚዘጉት የዛኛው አገር ኔትወርኮች ናቸው። ኔትወርክ ያዘ ብለህ ደስ እንዳይልህ።

ቀጥሎ አካውንት። አንድሮይድ ከ5.1 ጀምሮ ማለትም ከ2015 በፈረንጅ፣ ጂሜል ያለበትን ስልክ ከውጭ በበተን ፎርማት ብታደርገው ሲነሳ የድሮውን ጂሜል ወይ ፓተርን ይጠይቅሃል። ከውስጥ ከሴቲንግ ግን ባለቤቱ ፓተርኑን አስገብቶ አካውንቱን አውጥቶ ካጠፋው አይጠይቅም። ስለዚህ ሻጩን እንዲህ በለው፦ ስልኩን ፎርማት ሳታደርግ ከነአካውንትህ ይዘኸው ና፣ ፊቴ ላይ አንተው ራስህ ክፈተው፣ አንተው አካውንትህን አውጣ፣ ፊቴ ላይ ሪሴት አድርግ፣ ከዛ በኔ ዳታ አስነስቼ የኔን ጂሜል አስገብቼ ሆም ስክሪን ድረስ ስደርስ ነው ብር የምሰጥህ። "አፅድቼ አመጣሁልህ" ካለህ ውለታ የዋለልህ እንዳይመስልህ፣ ፓተርኑን ያውቅ እንደነበር የምታይበትን መንገድ ነው የዘጋብህ።

ባይፓስ የተደረገ (የአካውንት ቁልፉ በዘዴ ታልፎ የተከፈተ) ስልክ በአይን አይለይም እዚህ ላይ አልዋሽህም። ሮሙ (የስልኩ ዋና ሶፍትዌር) ተቀይሮበት ከሆነ ሳምሰንግ ላይ የኖክስ ፊውዝ የሚባለው የደህንነት ምልክት ይቃጠላል አንዴ ከተቃጠለ አይመለስም ዳውንሎድ ሞድ ላይ ይታያል፣ ግን ባይፓስ ሁሉ ያንን አያቃጥልም። ወደኛ ቤት "ፓተርን ረሳሁት አጥፋልኝ" እያለ የሚመጣ ብዙ ነው፣ እኔ መታወቂያና ካርቶን አምጣ እላለሁ፣ ያልተመለሱት ከተመለሱት ይበዛሉ። የማይጠይቅ ቤት ሞልቷል ግን እሱን ስም አልጠራም

ሀያት_ቢሺሼ፦

ጠጋኙ እናመሰግናለን ወላሂ ጥሩ አድርገህ ነው የፃፍከው። ግን እኔ ያልገባኝ ቴሌ ራሱ አያውቅም እንዴ? ድሮ ስልክ መመዝገብ ምናምን የሚባል ነገር ነበር እኮ፣ ወንድሜ ከሳውዲ ያመጣልኝ ስልክ አልመዘገብ ብሎ አስለቅሶኛል

ነባር_ደንበኛ፦

ሀያት እህቴ ልክ ነሽ። በኛ አቆጣጠር በ2010 መጀመሪያ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ምዝገባ ጀምሮ ነበር፣ ያልተመዘገበ ስልክ አይሰራም ተብሎ ከውጭ ይዞ የገባ ሁሉ ሲጉላላ ከርሞ በኋላ ግዴታው ተነሳ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ሳፋሪኮም ስለገባ ኔትወርኩም ሁለት ሆኗል።

የምዝገባው መነሳት ግን ስልክህ አይታይም ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው ይሄን ያምታታዋል። ስልክ ኔትወርክ ላይ ሲገባ ሲሙም አይኤምኢአዩም አንድ ላይ ነው የሚታወቁት። የተሰረቀበት ሰው ካርቶኑንና መታወቂያውን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ያመለክታል፣ ፖሊስ በህግ አግባብ ለኦፕሬተሩ ይፅፋል፣ "በዚህ አይኤምኢአይ አሁን የሚጠቀመው ስልክ ቁጥር ይሄ ነው" የሚል መልስ ይመጣል። ሲም ካርድ ደግሞ በስም የተመዘገበ ነው። እና የሚደወለው ለማን ነው? ለሌባው እንዳይመስልህ የቆጪው ልጅ፣ ሌባው ሲሙን አስገብቶበት አያውቅም። የመጀመሪያዋ በስም የታወቀች ሲም ያንተ ናት።

እንዲህ ያለው ነገር በሳምንት ብቻ አይመጣም አንዳንዴ ወራት ይቆያል፣ ስለዚህ ሳምንት ተጠቅሜ ማንም አልደወለም ነፃ ነው ብሎ ነገር የለም

ዩዝድ_ሻጭ_አይደለሁም፦

እንዴ ቆይ ሁላችሁም ካርቶን ካርቶን ትላላችሁ፣ እኔ በህይወቴ የስልክ ካርቶን አስቀምጬ አላውቅም ልጆቹ መኪና ሰርተውበት ነው የሚጣለው። ካርቶን የሌለው ሁሉ ሌባ ነው ካላችሁ ግማሹ ጅማ ሌባ ሊሆን ነው 😂

እኔ ባለፈው የራሴን ስሸጥ ገዢው ልክ እንደናንተ ካርቶን ካላየሁ ብሎ ድርቅ አለ። ምን አደረግኩ፣ ጎግል አካውንቴ ውስጥ ገብቼ ዳሽቦርድ የሚል አለ፣ እዛ ውስጥ አንድሮይድ የሚለውን ስትነኩት በዛ ጂሜል የተጠቀምክባቸውን ስልኮች ከነአይኤምኢአያቸው ዘርዝሮ ያመጣል መቼ እንደተመዘገበም ያሳያል። የኔ ከሁለት አመት በላይ ነበር። ሰውየው ቁጥሩን *#06# ካመጣው ጋር አስተያይቶ አመነኝ ገዛኝ። ካርቶን ከመሬት ተነስቶ ሊታተም ይችላል ይሄኛውን ግን ማንም ትናንት የሰረቀ ሰው አያመጣውም። በዚህ ጠይቁት ልጁን በካርቶን አታሰቃዩት

የአጂፕ_ጠጋኝ፦

@ዩዝድ_ሻጭ_አይደለሁም ጎበዝ፣ እውነትህን ነው ከካርቶን ይሄ ይሻላል። የካርቶን ስቲከር አሳታሚ አለ፣ ባዶ ካርቶን ብቻውን የሚሸጥም አለ። ካርቶን ካመጣም ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ከለሩና ስቶሬጁ ከስልኩ ጋር ይግጠም፣ ጥቁር ስልክ ነጭ ተብሎ በተፃፈበት ካርቶን ይዞልኝ የመጣ ሰው አለ።

እና ለጠፋባችሁም ጭምር፣ ካርቶኑን ብትጥሉም ከዛው ዳሽቦርድ ላይ አይኤምኢአያችሁን አግኝታችሁ ፖሊስ ጋ መውሰድ ትችላላችሁ። ይሄን የማያውቅ ሰው "ቁጥሩን ስለማላውቀው" ብሎ ሳያመለክት ይቀራል

ኪቶ_3ኛ_አመት፦

እኛ ካምፓስ (ኪቶ ፉርዲሳ) ተመራቂዎች ሊወጡ ሲሉ የሚሸጥ ስልክና ላፕቶፕ ለጉድ ነው፣ እዛ ግዛ ባይ ነኝ። ቢያንስ ሰውየውን የሚያውቅ ዶርም ሜት አለ ዲፓርትመንቱ ይታወቃል፣ ስልኩን ይዞ ለአመታት ያየው ሰው አለ። ዋጋውም ጥሩ ነው ለትራንስፖርት ስለሚፈልጉት

ህግ_ነክ፦

ሰላም። ስለ ህጉ ማንም ስላላነሳው በአጭሩ ልበል (ልበል ብዬ ረዘመ ይቅርታ)

በወንጀል ህጋችን አንቀፅ 682 መሸሸግ የሚባል ወንጀል አለ። ሰው መሸሸግ ሲባል እቤት ደብቆ ማስቀመጥ ይመስለዋል፣ መግዛትም ውስጡ አለበት። እና አላወቅኩም ማለት ብቻውን አያድንም ምክንያቱም የሚታየው ማወቅ ብቻ ሳይሆን ማወቅ ይገባህ ነበር ወይ የሚለውም ነው። መርማሪ ፖሊስ የሚጠይቅህ ምን መሰለህ፣ ስንት ገዛህ? ገበያው ስንት ነበር? ከማን ገዛህ ስሙ ማነው? ደረሰኝ ወይ ውል አለህ? የት ቦታ ተቀበልክ? አሁን ራስህን ጠይቅ፣ 30 የሚሸጠውን በ18፣ ከማላውቀው ሰው፣ መንገድ ላይ፣ በጥሬ ብር፣ ያለወረቀት። ይሄን ይዘህ በቅን ልቦና ነው የገዛሁት ብትል ማን ይሰማሃል። እዚሁ ላይ ለምን ረከሰ፣ የተሰረቀ ይሆን ብለህ ፅፈህ ጠይቀሃል ደግሞ 😅

ሌላው የፍትሐ ብሔሩ ነው። በወንጀል ባትጠየቅ እንኳን የተሰረቀ እቃ ባለቤቱ መጥቶ የኔ ነው ብሎ ማስመለስ ይችላል። ያኔ ብርህን ከሻጩ ነው የምትጠይቀው፣ ሻጩን ደግሞ ማን እንደሆነ ካላወቅክ ከማን ትጠይቃለህ።

ስለዚህ ከገዛህ ውል ፃፍ። የሚከብድ ነገር የለውም አንድ ገፅ ናት፦ የሻጭና የገዢ ሙሉ ስም ከነአያት፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክ ቁጥር፣ የስልኩ ሞዴልና ከለር፣ ሁለቱም አይኤምኢአይ በቁጥር፣ ዋጋው በአሃዝና በፊደል፣ "ስልኩ የራሴ ንብረት ነው፣ ሌላ ባለቤት ቢመጣ ገንዘቡን እመልሳለሁ" የምትል አንድ አረፍተ ነገር፣ ቀን፣ ሁለት ምስክር፣ ፊርማ። የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያው ኮፒ አብሮ ይያያዝ። ክፍያውን ደግሞ በቴሌብር ወይ በባንክ አድርገው ምክንያቱም ስትልክ የተቀባዩ ስም ይመጣልሃል፣ መታወቂያው ላይ ካለው ስም ጋር ካልገጠመ እዛው ላይ አቁም። ሌባ ከነገርኩህ ሁሉ የሚሸሸው ይሄን ነው፣ ውል በሀሰት ስም ይፈርምልሃል አካውንት ግን በሀሰት ስም ቶሎ አያገኝም

ዲሲ_ያለው_አጎቴ፦

ኧረ ለአይፎን ገዢዎችም አንድ ነገር በሉ። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚገባው ብዙ ነው። አይፎን ላይ ከ2013 በፈረንጅ ጀምሮ አክቲቬሽን ሎክ አለ፣ ፋይንድ ማይ (የጠፋ ስልክ መፈለጊያው) በርቶ ከሆነ የባለቤቱ አፕል አካውንት ካልወጣ የትም ብትወስደው ፎርማት ብታደርገው ተመልሶ ያንኑ ይጠይቃል። ስለዚህ ሻጩ ሴቲንግ ውስጥ ስሙ ላይ ገብቶ ፊትህ ሳይን አውት ያድርግ ከዛ ኢሬዝ ያድርግ ከዛ አንተ ሄሎ ከሚለው ጀምረህ አስነሳው። "አይክላውዱ ባይፓስ ነው ችግር የለውም" የሚሉህ ችግር አለው፣ ብዙዎቹ ላይ መደወል አይሰራም የሚሰራውም አንዴ አፕዴት ወይ ሪሴት ስታደርገው ይዘጋል።

ደግሞ ሌላ ዘዴ አላቸው፣ የራሱን አይክላውድ ሳያወጣ ይሸጥልህና ከሄደ በኋላ ከሩቅ ሎስት ሞድ አድርጎ ይቆልፈዋል፣ ከዛ "ብር ጨምር እከፍትልሃለሁ"። ስርቆት አይደለም ስልኩ የራሱ ነው ግን ያው ተዘረፍክ።

እና የአሜሪካ አይፎን 14 እና ከዛ በላይ የሲም ቀዳዳ የለውም ኢሲም (ስልኩ ውስጥ አብሮ የተሰራ ሲም) ብቻ ነው፣ ሲም ማስገቢያው የት አለ ብላችሁ ተሰብሯል ብላችሁ እንዳትጣሉ 😂 ብላክሊስት የሆነም አለ፣ ወስዶ ክፍያውን ሳይጨርስ የሸጠው። እዚህ ይሰራል፣ አጎትህ ይዞት ቢመለስ ግን እዛ አይሰራም

የቆጪው_ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ አላህ ይስጥልኝ። ዛሬ ደወልኩለት። መታወቂያህን ይዘህ ና ውል እንፃፍ ብር በቴሌብር ነው የምልክልህ አልኩት። ውሉ ችግር የለውም አለ ብሩ ግን በእጄ ነው የምፈልገው አለ። እሺ የጎግሉን ዳሽቦርድ አሳየኝ ስለው ምንድነው እሱ አለኝ፣ አስረዳሁት፣ ከዛ "አካውንቱን አጥፍቼዋለሁ" አለ። ትናንት ግን ፕሌይ ስቶር ስከፍተው ከላይ በቀኝ በኩል የሴት ፎቶ ነበር አሁን ነው ትዝ ያለኝ። እሱን ስለው የእህቴ ነው እሷ ናት የሰጠችኝ አለኝ። ያቺው ካርቶኑ እሷ ጋ ያለው እህቱ። ሊሆንም ይችላል አይደል? 15 አደርግልሃለሁ ደግሞ አለኝ ሳልጠይቀው

አቦል_በረካ፦

ሳትጠይቀው 3 ሺ ቀነሰ 😂😂 ወንድሜ ቀጥል ዝም በለው ነገ በነፃ ይሰጥሃል

ሀያት_ቢሺሼ፦

ሊሆን ይችላል ወንድሜ አትፍረድበት፣ እህቱ ሰጥታው ሊሆን ይችላል። ግን ከሆነ ቀላል ነው እኮ፣ እህትህን በቪዲዮ ደውልላት በለው፣ ፎቶዋን ትናንት አይተኸዋል፣ ካርቶኑን ይዛ ከስር ያለውን ቁጥር ታንብልህ። ሁለት ደቂቃ ነው። እህት ካለች ታነሳለች

የአጂፕ_ጠጋኝ፦

የሀያት ሀሳብ ጥሩ ነው። ፎቶ ላክልኝ እንዳትለው ግን፣ ፎቶ ይሰራል። ቪዲዮ ይሁን። አካውንቱን አጥፍቼዋለሁ ካለም፣ ፓተርኑን አውቆ በወጉ ካጠፋው አስነስተህ የራስህን ስታስገባ አይጠይቅህም፣ የድሮ አካውንት ከጠየቀህ አበቃ። ካልጠየቀህም ግን አለቀ አትበል ባይፓስ እንዳለ ነግሬሃለሁ

ህግ_ነክ፦

ይሄን ሁሉ ካወቅክ በኋላ ብትገዛው ከላይ ያልኩህ "ማወቅ ይገባህ ነበር" ይበልጥ ይከብድብሃል። የሴት ፎቶ አይተሃል፣ በአካውንት አልቀበልም ብሎሃል፣ ዋጋ ቀንሶልሃል። እኔ ብሆን ቪዲዮውም ሳያስፈልገኝ እተወዋለሁ

ዩዝድ_ሻጭ_አይደለሁም፦

እኔም እዚህ ላይ ከናንተ ጋር ነኝ። ካርቶን አለመኖሩ ምንም አይደለም፣ አካውንት አልቀበልም ማለቱ ግን... በዚህ ዘመን ሊስትሮም በቴሌብር ነው የሚቀበለው

የቆጪው_ልጅ፦

ለእህትህ በቪዲዮ ደውልላት አልኩት፣ ስራ ላይ ናት ማታ አለኝ፣ ማታ ስደውል አያነሳም፣ አሁን ቴሌግራም ላይ ብሎክ አድርጎኛል። ፖስቱንም ከግሩፑ አጥፍቶታል። ያነሳሁት የአይኤምኢአይ ፎቶ አሁንም አለኝ፣ ምን ላድርገው? ፖሊስ ጋ ልውሰደው ወይስ ነገር መፈለግ ነው

ነባር_ደንበኛ፦

ውሰደው፣ ቁጥሩንና የሰውየውን ስልክ ቁጥር ስጣቸው። ሰረቀ ብለህ አትመስክር ያላየኸውን፣ ያየኸውን ብቻ ተናገር፦ ይሄን ስልክ ሊሸጥልኝ ነበር፣ የሴት ፎቶ ያለው አካውንት ነበረበት። ባለቤቷ አመልክታ ከሆነ ቁጥሩ ይገጥማል፣ ካላመለከተችም አንተ ምንም የምትከስረው የለም። ግሩፕ ላይ ግን ፎቶውን ለጥፈህ "ሌባ" እንዳትል፣ እውነት እህቱ ብትሆንስ፣ አንተ ነህ በስም ማጥፋት የምትጠየቀው። አይኤምኢአዩንም በአደባባይ አትለጥፈው፣ ሌላ ሰው ቁጥሩን ወስዶ ካርቶን ላይ ያትምበታል

የቆጪው_ልጅ፦

እሺ ነገ እወስደዋለሁ። እኔ ብሩን ትንሽ ጨምሬ ከሱቅ ዝቅ ያለ ሞዴል ልግዛ ብዬ ወስኛለሁ፣ ፈረንጅ አራዳ አንዱ ጋ ዩዝድ ኤ34 አይቻለሁ። ደረሰኝ እሰጥሃለሁ ብሎኛል ግን ደረሰኙ ላይ "ሞባይል 1" ብሎ ብቻ ነው የሚፅፈው፣ እሱ ይሰራል?

ህግ_ነክ፦

አይሰራም፣ የቱ ሞባይል? ሞዴሉንና ሁለቱንም አይኤምኢአይ ይፃፍልህ፣ ማህተም ይምታበት፣ ቁጥሩን ከስልኩ ላይ አንተው ራስህ እያነበብክለት ይፃፍ። ቦታ አይበቃም ካለህ ጀርባው ላይ ፅፎ ይፈርምበት

የአጂፕ_ጠጋኝ፦

ስትሄድ *#0*# ብለህም ደውል፣ የሳምሰንግ መፈተሻ ነው ስክሪኑን ቀይ አረንጓዴ ሰማያዊ አድርገህ ታያለህ፣ ተች የማይሰራበት ቦታ ካለም ይወጣል። እሱ ከስርቆት ጋር አይገናኝም ግን ዩዝድ ነው አይደል የምትገዛው